ቀኑ መሽቶ ጭንቀቱ ሲያድር

እስቲ ትናንት ማታ መብራት አጥፍተው ጋደም ካሉ በኋላ፣ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ድረስ በሐሳብዎ ሲመላለስ የነበረውን ነገር ያስታውሱ። ብዙውን ጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አለቃዎ በስብሰባ መካከል ጣል ያደረጓት አንዲት ቃል ናት። አከራይዎ “አንድ ነገር ላናግራችሁ ነበር፣ ቆይ በኋላ” ብለው ሳይጨርሱት የሄዱት ወሬ ነው። ነገ ጠዋት ውሃ ትመጣ ይሆን? ካልመጣች ሮቶው ውስጥ ያለው ለስንት ቀን ይበቃል? ለዚህ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም። ለጓደኛ ቢያጫውቱትም “እሱማ የሁላችንም ነው” ይባላሉ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ያልፋል።

ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለነዚሁ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ስለ ሐዘን፣ ስለ ፍቺ ወይም ከሥራ ስለ መባረር አይደለም። ለነዚያማ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ለሐዘን ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ለጠፋ መብራትና ለቀረ ታክሲ ግን ድንኳን አይተከልም።

አማርኛችን ነገሩን በየአካላችን ክፍል አከፋፍሎ አስቀምጦታል። የተናደደ ሰው ቆሽቱ ያራል። ነገረኛ ሰው ጨጓራ ይልጣል። ያሳዘነን ነገር አንጀታችንን ይበላዋል፣ የደነገጠ ልቡ ይወልቃል። ሊነገር የማይችለውን ደግሞ “ሆድ ይፍጀው” እንላለን። ጨጓራን በተመለከተ እንኳ ትንሽ እርማት ያስፈልጋል፤ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት እንደሚያመጣ አሳይተው በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል (የጥናቶቹን ዓመታት የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ ጨጓራዎ ሲያቃጥልዎ አማትዎን ከመውቀስዎ በፊት ይመርመሩ። በቀረው ግን የቀድሞ ሰዎች ብዙም የተሳሳቱ አይመስለኝም። ንዴትና ሐሳብ አካል ውስጥ ይገባል።

ጉዳዩ የራሴ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። 44 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። መሥሪያ ቤታችን ነፃ ምርመራ አዘጋጅቶ ወረፋ ይዤ ስለካ፣ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ዝም አለችና እንደገና ለካችኝ። 152 በ96። “ከባድ ነገር ተሸክመሽ ነው የመጣሽው?” አለችኝ። የያዝኩት ቦርሳዬን ብቻ ነበር።

አባቴ በ58 ዓመቱ በስትሮክ ነው ያረፈው። የደም ግፊት እንዳለበት ቤተሰቡ የሰማው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ነርሷ ቁጥሩን ስትነግረኝ መጀመሪያ በዓይኔ ላይ የመጡት ልጆቼ ናቸው፤ አንዱ 14፣ አንዷ 9። ከ58 ላይ 44 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ሐኪሙ በአንድ ቀን ልኬት አልወሰነም። መለኪያ ገዝቼ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ቤቴ እንድለካ አዘዘኝ። አለካኩ ሥርዓት አለው፤ እርስዎም ቤት መለኪያ ካለ ይጠቅምዎታል። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ጀርባዎን ያስደግፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። ሲለኩ አያውሩ። (በእኔ ቤት ከሁሉም የከበደው ይኸኛው ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ “እማዬ” የማልባልበት ክፍል አልተገኘም።) ሁለት ጊዜ ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ። እኔ ደግሞ በራሴ ሐሳብ ከቁጥሩ ጎን የዕለቱን ውሎ በአንድ መስመር እጽፍ ነበር።

ማክሰኞ ከመገናኛ አያት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቤት ስገባ መብራት የለም። ልጄ በማግስቱ የሚያስረክበውን የቡድን ሥራ ገና አልጀመረም። እንጀራ የምታመጣልን ሴትዮ ቀርታለች። ተያይዘን ተንጫጫን፣ በሻማ ፓስታ በላን፣ በመጨረሻ ሳቅ በሳቅ ሆነን ተኛን። ያን ማታ ስለካ ቁጥሩ ከጠበቅሁት በታች ሆኖ አገኘሁት። ሐሙስ ግን ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። መንገዱ ቀና፣ መብራቱ አለ። ብቻ ረቡዕ ከሰዓት አንድ ባልደረባዬ በሰው ፊት የተናገረኝን ነገር ቀኑን ሙሉ ሳመነዥከው ዋልኩ። ሻወር ስወስድ መለስኩለት፣ ወጥ ስሠራ መለስኩለት፣ ልጄን የቤት ሥራ ሳሠራ ሌላ የተሻለ መልስ መጣልኝ። የሳምንቱ ትልቁ ቁጥር የሐሙስ ማታ ነው።

የአንዲት ሴት የሰባት ቀን ማስታወሻ ጥናት አይባልም። ግፊት ከጨውም፣ ከእንቅልፍም፣ ከዘርም ጋር ይያያዛል። ነገር ግን ማክሰኞና ሐሙስ ከአእምሮዬ አልወጣ ብለው ማንበብ ጀመርኩ።

ስለ ጥቃቅን ጭንቀቶች በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በ1981 የታተመ ነው። ሪቻርድ ላዛረስና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ 100 ጎልማሶችን ለዘጠኝ ወራት ተከታትለው፣ በየወሩ 117 ዓይነት የዕለት ተዕለት ጣጣዎች ከተዘረዘሩበት ቅጽ ላይ የገጠማቸውን እንዲያመለክቱ አደረጉ። የሰዎቹን የመንፈስ መታወክ ይበልጥ ያመለከተው በሕይወታቸው የደረሰው ትልልቅ ነገር ሳይሆን ይህ የጣጣ ዝርዝር ሆነ። ብዙ ጊዜ ከተመረጡት መካከል የሰውነት ክብደት፣ የቤተሰብ ጤንነትና የሸቀጦች ዋጋ መናር ከላይ ተቀምጠዋል። ከ40 ዓመት በፊት፣ ያውም በካሊፎርኒያ! የሽንኩርት ዋጋ እንቅልፍ የነሳው እኛን ብቻ አለመሆኑ ትንሽ ያጽናናል።

ለእኔ ጥያቄ ይበልጥ የቀረበው ግን የዴቪድ አልሜዳ ሥራ ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናቸው። ቡድናቸው ለሰዎች ስምንት ምሽት በተከታታይ ስልክ እየደወለ ውሏቸውን ይጠይቃል። ዛሬ ከሰው ጋር ተጨቃጨቁ? ሊጨቃጨቁ ብለው የተዉት ነገር ነበር? በሥራ ወይም በቤት ምን ገጠመዎ? በቅርብ ሰውዎ ላይ የደረሰና እርስዎንም ያስጨነቀ ነገር አለ? ከዓመታት በኋላ ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች ይፈልጓቸዋል። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የእኔን ሐሙስ የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት። የትናንቱ ጣጣ በማግስቱም ስሜታቸውን ያጠለሸባቸው ሰዎች፣ አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው ሲታዩ ሥር የሰደዱ ሕመሞች በርከት ብለው ተገኝተውባቸዋል፤ የዕለት ሥራቸውን ማከናወንም ይበልጥ ይከብዳቸው ነበር። ይህ የሕመማቸው ምክንያት ጭንቀቱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ግን ጭንቀት መጣ አልመጣ ከሚለው ሌላ፣ አደረ ወይስ ሄደ የሚል ጥያቄ እንዳለ ያሳያል።

አሠራሩን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። አንድ ነገር ሲያስደነግጠን አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይወጣል። ቀጥሎ ኮርቲሶል ይመጣና ለጡንቻና ለአንጎል ስኳር እንዲዳረስ ያደርጋል። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ መኪና ሲመጣብን ዘለን የምናመልጠው በእሱ ነው። ኮርቲሶል የራሱ የቀን ሥርዓትም አለው፤ ጠዋት ከነቃን በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና ወደ ማታ እየወረደ ይሄዳል። መኪናው ካለፈ በኋላም ሐሳባችን ከአስፋልቱ ላይ አልነሳ ሲል ግን አካላችን የት እንዳለን አያውቅም። አልጋ ላይ ተኝተን ስብሰባ ላይ ነን። ብሩስ ማክዩን የተባሉ ሳይንቲስት በ1993 ከባልደረባቸው ጋር ይህ ተደጋጋሚ መነሳሳት በአካል ላይ የሚተወውን ድካም “አሎስታቲክ ሎድ” ብለው ሰየሙት፤ በእኛ ቋንቋ የተጠራቀመ ሸክም ብንለው ያስኬዳል። በ1995 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን ከሌሎች 13 ሴቶች ጋር አነጻጸረ። በክንዳቸው ላይ ሆን ተብሎ የተሠራው አንድ ዓይነት ትንሽ ቁስል በአስታማሚዎቹ ላይ ለመዳን በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ቤት ውስጥ የታመመ ወላጅ የሚጦሩ አንባቢ ከሆኑ ይህን አንብበው የሚገርሙ አይመስለኝም።

በእኛ ቤት ሦስት ዕድሜ አለ። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው። ኪራይ ስለማይቻል ከእኛ ጋር ናት፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ስልኳን ነው፤ የሥራ ማስታወቂያው፣ የጓደኞቿ ሰርግ፣ ወደ ውጭ የሄዱት ልጆች ፎቶ። እኔ መሐል ላይ አለሁ። እናቴ ደግሞ 73 ዓመቷ ነው። በደርግ ጊዜ ለስኳር የቀበሌ ሱቅ ተሰልፋለች፤ ወንድሟን በቀይ ሽብር አጥታለች፤ በአስተማሪ ደመወዝ ልጆች አሳድጋለች። ከሦስታችን በደንብ የምትተኛው እሷ ናት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ሦስት ተኩል ላይ ሊያናግራት የሚችል የለም።

ይህ የእናቴ ብቻ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። በነአልሜዳ ጥናት 25 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች ከቀኖቻቸው ግማሽ በሚጠጋው አንድ የሚያስጨንቅ ነገር እንደገጠማቸው ሲናገሩ፣ 70 ገደማ የሆናቸው ግን በ30 በመቶው ብቻ ነው። ከፊሉ ግልጽ ነው፤ ጡረተኛ አለቃ የለውም፣ ልጆቹም ደርሰዋል። ላውራ ካርስተንሰን የተባሉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ደግሞ ሰው ከፊቱ ያለው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው ጊዜውን የሚሰጠውን ሰውና ነገር መምረጥ እንደሚጀምር ይናገራሉ። እናቴ ይህን የምታደርገው ያለ ጥናት ነው። ነገር የምታመጣ አንዲት ዘመዳችን ስትደውል “ወጥ ጥጄ ነው” ትላትና ትዘጋዋለች። ምድጃው ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

መሐል ዕድሜ ላይ ግን ማን ይመርጣል? በዚህ ዕድሜ ከላይ ወላጅ፣ ከታች ልጅ፣ ከጎን ሥራ አለ። የክፍለ ሀገር ዘመድ ሲታመም ስልኩ ለእርስዎ ነው የሚደወለው። የአክስት ልጅ ሰርግ ላይ ኮሚቴ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። “ወጥ ጥጄ ነው” ቢሉም ወጡ እውነትም ተጥዷል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላንሳ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። “ሆደ ሰፊ ነው” ይሉታል ሁሉም፣ ለምስጋና። ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ይገባል፤ ምን ሆንክ ሲባል “ምንም” ይላል፤ ራዲዮኑን ይከፍታል፤ ሌሊት ግን ሲንጎራደድ የእግሩን ድምፅ እንሰማለን። እናቴም እንግዲህ ጭቅጭቅ አትወድም፣ ትታ ትሄዳለች። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለ ዕድሜና ስለ ጭቅጭቅ በተደረገ ጥናትም አረጋውያን ጭቅጭቅን ሸሽተው ሲያልፉ ከወጣቶቹ ይልቅ ስሜታቸው ብዙም እንደማይረበሽ ታይቷል። ስለዚህ “ሁሉንም ተናገሩት፣ ይውጣላችሁ” የሚለው ምክር ሁልጊዜ የሚሠራ አይመስለኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እናቴ ነገሩን ትታው ትሄዳለች፤ አባቴ ይዞት ይገባ ነበር። እኔ በዚያ ሐሙስ የአባቴን ነበር ያደረግሁት፣ በቃል ብዛት ብቻ ነው የምንለየው። እናቴን ታዲያ ቅድስት አላድርጋት፤ እሷም የግፊት መድኃኒት ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል። የጀመረችው ዛሬ እኔ ካለሁበት ዕድሜ ብዙ ሳትርቅ ነው።

የጭንቀትን ነገር የሰው ጠባይ ብቻ አድርጎ ማውራት ግን አይዋጥልኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ምን ሲያሰላ እንደሚያድር እናውቃለን። ኪራይ ለተጨመረበት ሰው “በረጅሙ ተንፍስ” ማለት ኪራዩን አይከፍልለትም። ቡናችንም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ማውራት የቀኑን ነገር ቀን ላይ እንደሚያስቀር አምናለሁ፤ ግን ቄጤማውን የሚጎዘጉዘው፣ የሚቆላው፣ ሲኒውን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ካልተጠየቀ ለአንዷ እረፍት የሆነው ለሌላዋ ሥራ ነው። በቤታችን ቅዳሜ ቡና የሚያፈላው አሁን ልጄ ነው። ሲቆላ ያሳርረዋል፤ እንጠጣዋለን።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ሰርዞ የቀሩትን አማካይ ወሰደ፤ 143 በ91። ቤት ለሚለካ ሰው መነሻው 135 በ85 ነውና መድኃኒት ጀመርኩ። ይህን በግልጽ የምጽፈው “ጭንቀት ቀንሼ ዳንኩ” የሚል ወሬ እንዳይመስል ነው። ክኒኑን በየጠዋቱ እወስዳለሁ፤ ወጥ ላይ ጨው ቀንሰናል፤ ከቢሮ ስወጣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፌርማታዎች በእግሬ እሄዳለሁ። እርስዎም እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ያማክሩ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን አማኑኤልን ብቻ እናስባለን፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ፣ ለመሄድም የግድ “ማበድ” አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ የቀየርነው ትንሽ ነው። የስልክ ቻርጀሮቹ ሁሉ ሳሎን ናቸው፤ መኝታ ቤት ስልክ አይገባም፤ እህቴ ለዚህ ሁለት ሳምንት አኩርፋን ነበር። ስለ ገንዘብ የምናወራው እሑድ ከሰዓት ነው፣ ደብተር ይዘን። ማታ አልጋ ላይ ኪራይ አይነሳም። ከባለቤቴ ጋር የተከራከርነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቴሌግራም ቡድን። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ቡድን፣ አምስት ዓመት ሙሉ የማነበው እኔ ነበርኩ። እሱ “ዝም ብለሽ ድምፁን አጥፊው” ይለኝ ነበር። አጠፋሁት፤ የእሱን ስልክ ቁጥር አስገባሁና ከሁለቱም ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ማታ እራት ላይ፣ ለአንድ የሽርሽር ክፍያ ብቻ 62 መልእክት እንደመጣ በመገረም ነገረኝ። አንዷ እናት ምሳ ይካተት እንደሆን አራት ጊዜ ጠይቃለች አለኝ። “ተካቷል?” አልኩት። አላየውም፤ ተነስቶ ሳሎን ሄደ።